የታችኛውን መንጋጋ ጥርሴን በምን ልተካው? ብሪጅ ወይስ ኢምፕላንት?

መምህርቷ ከኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 8

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ዕድሜዬ 52 ሲሆን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከ4 ዓመት በፊት በታችኛው ረድፍ በስተቀኝ ያለው ትልቁ መንጋጋዬ፣ ሐኪሞች ስድስተኛ ጥርስ የሚሉት፣ ተሰንጥቆ ስለነበር ተነቀለ። የነቀለልኝ ባለሙያ ቁስሉ ሲድን ተመልሼ ስለ ምትኩ እንድንነጋገር ቀጥሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ሕመሙ ሲተወኝ ቀጠሮውን ተውሁት።

ከዚያ ወዲህ የማኝከው በግራ በኩል ብቻ ነው። ስናገርም ሆነ ስስቅ ክፍተቱ ስለማይታይ ብዙም አላሳሰበኝም ነበር። ባለፈው ወር ግን ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና እየጠጣን ቆሎ ስቆረጥም አንዲት የገብስ ፍሬ በባዶው ቦታ ገብታ ድዴን አደማችው። ቤቴ ገብቼ በመስታወት ሳየው፣ ከላይ በኩል ትይዩ ያለው ጥርስ ከጎረቤቶቹ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ወደ ክፍተቱ መውረዱን አስተዋልሁ። የደነገጥሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐረጎን ወጥቼ ደሴ አንድ ክሊኒክ ታየሁ። ሐኪሙ ከክፍተቱ ፊትና ኋላ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሞርዶ ብሪጅ፣ ማለትም በእነሱ ላይ የሚታሰር እርስ በርሱ የተያያዘ ሦስት ጥርስ፣ እንደሚሠራልኝ ነገረኝ። የኋለኛው ጥርስ ከዚህ ቀደም በትልቅ ሙሌት የተሞላ ነው፤ የፊተኛው ግን እስከ ዛሬ መሣሪያ ያልነካው ሙሉ ጤነኛ ጥርስ ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ «ጤነኛ ጥርስ አታስሞርጂ፣ እዚህ መጥተሽ ኢምፕላንት አስተክዪ» ይለኛል። ሁለቱም ለእኔ አስበው የተናገሩ ስለሆነ የቱን እንደምሰማ ግራ ገብቶኛል።

ከዚህ ሌላ ሁለት የሚያስጨንቁኝ ነገሮች አሉ። አንደኛው የስኳር ሕመም ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት ሲሆን 6 ዓመት ሆኖኛል፣ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ፣ መጨረሻ ላይ የተለካው የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠኔ 8.4 በመቶ ነበር። ሁለተኛው ጉዞው ነው፤ ለአንድ ጥርስ ብዬ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ስንት ጊዜ ልመላለስ ነው? በስልክ የጠየቅሁት ክሊኒክ የነገረኝ የኢምፕላንት ዋጋ ደግሞ አጥንት ውስጥ የሚቀበረውን ብሎን ብቻ ይሁን ሁሉንም ያጠቃልል በውል አልገባኝም። ያለፈበት ሰው ወይም ባለሙያ ቢመልስልኝ ባለ ውለታዬ ነው።

የጥርስ ሐኪም፣ ደሴ፣ ጥቅምት 9

እህቴ፣ ዋናዎቹን ነገሮች ራስዎ ጽፈዋቸዋል፤ የጎረቤቶቹን ጥርሶች ሁኔታ፣ የስኳርዎን መጠን፣ ከተነቀለ ያለፈውን ጊዜ። አፍዎን ሳላይ ይህን ያድርጉ ብዬ መወሰን አልችልም፤ ነገር ግን ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚጠይቁ የሚረዳዎትን ልጻፍ።

ከዋጋው ልጀምር፤ ግራ የሚያጋባው የቃሉ አጠቃቀም ስለሆነ። ኢምፕላንት የሚባለው የምናኝክበት ጥርስ ሳይሆን በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበረው፣ በአብዛኛው ከቲታኒየም የሚሠራው ብሎን ነው፤ የጥርስን ሥር ይተካል። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ8 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በብሎኑ ላይ አገናኝ ቁራጭ ይታሰራል፤ በአገናኙ ላይ ደግሞ ጥርስ የሚመስለው ክራውን ይቀመጣል። ስለዚህ የተነገርዎት ዋጋ ከሦስቱ የቱን እንደሚያካትት፣ ባለ ሦስት አቅጣጫው ምስልና አስፈላጊ ከሆነ የአጥንት መሙላቱ በውስጡ እንዳሉበት በጽሑፍ ይጠይቁ። ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ የዛሬ ስድስት ወር ለጎረቤትዎ የተነገራት ዋጋ ለእርስዎ መለኪያ አይሆንም።

ወደ አጥንቱ ልምጣ። ጥርስ ሲነቀል ይይዘው የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታል፣ እየሳሳም ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ወርድ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚህም አብዛኛው የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። የእርስዎ 4 ዓመት ሆኖታልና ትልቁ ለውጥ አልፏል ማለት ነው፤ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ መለካት ግን ግድ ነው። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ፣ ከመንጋጋ ጥርሶች ሥር፣ የከንፈርንና የአገጭን ስሜት የሚሸከም ነርቭ ያልፋል። የብሎኑ ጫፍ ከዚህ ነርቭ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት፤ ነርቩ ከተጎዳ ከንፈር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ሊደነዝዝ ይችላል። ተራው ራጅ ቁመትን እንጂ ወርድን አያሳይምና፣ ሲቢሲቲ የሚባለውን ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል ሳያነሣ በዚህ ቦታ ብሎን ልትከል የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ይጠይቁ።

ሰው ብዙ ጊዜ «ለምን በአንድ ቀን አያልቅም?» ይለኛል። ብሎኑን አጥንት ውስጥ የሚያጸናው ማጣበቂያ አይደለም፤ አጥንቱ ራሱ እየበቀለ ከቲታኒየሙ ገጽ ጋር ይዋሐዳል። ይህ የታወቀው እንኳ ጥርስ ለመትከል ሲሞከር አልነበረም። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ በአጥንት ውስጥ ያለውን የደም ዝውውር ለማየት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ከቲታኒየም የተሠራ መመልከቻ ቀብሮ ነበር፤ ጥናቱ ሲያበቃ ሊያወጣው ቢሞክር አጥንቱ አልለቅም አለ። በ1965 የመጀመሪያውን ሰው አከመበት፤ ያ ታካሚም ከ40 ዓመት በላይ ተጠቅሞበታል። መዋሐዱ በታችኛው መንጋጋ ወደ 3 ወር፣ አጥንቱ ሳሳ በሚለው በላይኛው ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። የስኳር ጉዳይም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከፍ ያለ ስኳር የቁስልን መዳንና የአጥንትን መብቀል ያዘገያል፣ ኢንፌክሽንንም ይጋብዛል። የስኳር ሕመም ስላለብዎት ብቻ ኢምፕላንት አይከለከሉም። በ8.4 ግን እኔ አልጀምርም። ከ7 ብዙም የማይርቅ ሲሆን ነው በልበ ሙሉነት የምሠራው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መሄድ የሚገባዎት ወደ ስኳር ክትትል ሐኪምዎ ነው።

አሁን ብሪጁ። ያየዎት ሐኪም ያለ ምክንያት አልተናገረም። የኋለኛው ጥርስ ሙሌቱ ትልቅ ከሆነ ዞሮ ዞሮ ክራውን ሊያስፈልገው ይችላል፤ ስለዚህ በእሱ በኩል መሞረዱ ኪሳራ አይደለም። ኪሳራው በፊተኛው ነው፤ የተሞረደ ጥርስ አይመለስም። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሦስቱ ጥርሶች እንደ አንድ አካል መታሰራቸው ነው። ትልቅ ሙሌት ያለበት ጥርስ አንድ ቀን ነርቩ ቢሞት ወይም ከሥሩ ቢበሰብስ፣ ብሪጁ ሙሉውን ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የተሞረደው ጤነኛ ጥርስ በከንቱ ተጎዳ ማለት ነው። በሌላ በኩል ብሪጅ ቀዶ ጥገና የለውም፣ በሁለት በሦስት ሳምንት ያልቃል፣ እዚሁ ደሴ ይሠራል፣ በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል። ሁለቱም ጎረቤት ጥርሶች ሙሌት ያለባቸው ቢሆኑ ኖሮ ያለ ማመንታት ብሪጅ ይሥሩ እልዎት ነበር።

ምንም አለማድረግም ምርጫ መሆኑን ልጨምር፤ ሐኪሞች ይህን ብዙ ጊዜ አንናገርም። በግራ በኩል በደህና የሚያኝኩ ከሆነና የላይኛው ጥርስ መውረዱን ካቆመ፣ በየስድስት ወሩ እየተለካ መቆየት ይቻላል። የእርስዎ ግን መውረድ ስለጀመረ ብዙ እንዲዘገዩ አልመክርም። ከመጠን በላይ ከወረደ ለታችኛው ክራውን ቦታ አይተርፍለትም።

ከጦሳ ሥር፣ ጥቅምት 9

መምህርት፣ ሐኪሙ ስለ አጥንቱ በሚገባ ጽፈዋል፤ እኔ ከተተከለ በኋላ ስለሚመጣው ልንገርዎት። የምኖረው ደሴ ነው። በሞተር ሳይክል ወድቄ የላይኛው ክራንቻዬ ቀጥሎ ያለው ጥርስ ስለተሰበረብኝ ከ3 ዓመት በፊት አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ኢምፕላንት አስተከልሁ። ቀዶ ጥገናው ከጠበቅሁት እጅግ የቀለለ ነበር፤ ማደንዘዣው ከገባ በኋላ የመሰርሰሪያው ድምፅና የአጥንቴ መንቀጥቀጥ እንጂ ሕመም አልተሰማኝም። ማታ ትንሽ አበጠ፣ በማግስቱ የሕመም ማስታገሻ ወሰድሁ፣ በሦስተኛው ቀን ረሳሁት። ጥርስ ከማስነቀል ይቀላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ችግሩ የመጣው ክራውኑ ከተገጠመ ከ14 ወር በኋላ ነው። ሥጋ ሳኝክ ጥርሱ በቦታው እንዳለ ትንሽ ዘወር ሲል ተሰማኝ። በምላሴ ስገፋው ቀጭ ይላል። ብሎኑ ከአጥንቱ ወጣ ብዬ ተደናገጥሁ፤ አዲስ አበባ ደውዬ ብጠይቅ ክሊኒኩ ቦታ ለውጧል፣ ስልኩም አይሠራም። ደሴ ውስጥ ያየኝ ሐኪም ራጅ አንሥቶ አረጋጋኝ፤ ከአጥንቱ ጋር የተዋሐደው ብሎን ንቅንቅ አላለም፣ የላላችው ክራውኑን ከብሎኑ ጋር የምታስረው ትንሿ ብሎን ናት። በራጁ ላይ በሁለቱ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር አሳየኝ።

ይህ በሁለት ደቂቃ የሚጠብቅ ነገር ነው ብሎኝ ነበር። ግን ሁለት እንቅፋት ነበረበት። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አምራች የራሱ ዓይነት ብሎንና የራሱ መፍቻ አለው፤ ለእኔ የተተከለው የየትኛው አምራች እንደሆነ የሚገልጽ አንዲት ወረቀት እንኳ አልተሰጠኝም፣ እኔም መጠየቅ እንደሚገባኝ አላወቅሁም። ሁለተኛ፣ ክራውኑ በሲሚንቶ የተለጠፈ ስለነበር ወደ ትንሿ ብሎን የሚያስገባ ቀዳዳ አልነበረውም። ሐኪሙ በራጁ ላይ የሚታየውን የተቀበረውን ብሎን ቅርጽ ለጓደኞቹ እየላከ ዓይነቱን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀበት፤ መፍቻው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ሳምንት። በመጨረሻ አዲሱን ክራውኔን ከመሐሉ ቀዶ ነው የገባው። ብሎኗን አውጥቶ በመዳፌ ላይ ሲያስቀምጣት ርዝመቷ ከስንዴ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ለሦስት ሳምንት በአንድ ጎን ያስበላችኝ እሷ ነበረች። አዲስ ብሎን ተክቶ፣ የሚያጠብቅበትን ኃይል በሚለካ ቁልፍ አጠበቀልኝ፤ በሞረደው ቀዳዳ ላይም ሙሌት አደረገበት። እስከ ዛሬ ደህና ነው።

ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። ክራውኑ በብሎን የሚታሰር እንጂ በሲሚንቶ የሚለጠፍ እንዳይሆን፤ በኋለኛ ጥርስ ላይ ቀዳዳው ስለማይታይ እንቢ የሚሉበት ምክንያት የለም። ሌላው ደግሞ የአምራቹ ስም፣ የብሎኑ ውፍረት፣ ርዝመትና የምርት ቁጥር ያለበት ካርድ ነው። ከእያንዳንዱ ብሎን ማሸጊያ ላይ የሚላጥ ተለጣፊ ወረቀት አለ፤ እሱን ካርዱ ላይ ለጥፈው ይሰጡዎታል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ካርዱን ቢያጣ ተመልሶ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል፤ እኛ ግን ጣርማ በርን ተሻግረን ነው የምንሄደው።

ሰላም ከቦርከና፣ ጥቅምት 10

የሁለታችሁም ምክር ጥሩ ነው፤ ግን የተነቃይ ጥርስ ነገር ለምን እንደተዘለለ አልገባኝም። እኔ ኮምቦልቻ በፋብሪካ እሠራለሁ። የታችኞቹን ሁለት መንጋጋዎች ካጣሁ 5 ዓመት ሆነኝ፤ ከኋላ የሚይዝ ጥርስ ስለሌለኝ ብሪጅ አይሆንም ተባልሁ፣ ለኢምፕላንት ደግሞ ገንዘብ አልነበረኝም። ተነቃይ አሠራሁ። ማታ አውልቄ አጥቤ ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት አደርገዋለሁ። የመጀመሪያው ወር በእርግጥ ከባድ ነበር፣ ምራቄ ይበዛል፣ ድዴን ይቆረቁረኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስሞረድሁትና ተስማማኝ። ቆሎ እንኳ አልቆረጥምበትም፣ ጥብስ ግን እበላበታለሁ። ሁሉም ሰው ብሎን መትከል አለበት የሚል ነገር አይደንቀኝም።

የጥርስ ሐኪም፣ ደሴ፣ ጥቅምት 10

እውነትዎን ነው፤ መዝለሌ ስሕተት ነበር። በእርስዎ ሁኔታ፣ ከኋላ የሚይዝ ጥርስ በሌለበት፣ ተነቃይ ጥርስ ተገቢ ሕክምና ነው። ለመምህርቷ ያላነሣሁት ለአንድ ጥርስ ብቻ ሲሠራ ትንሽ ስለሆነና ስለማይመች፣ ብዙዎች ሠርተው መሳቢያ ውስጥ ስለሚያስቀምጡት ነው። ወላጆቻችሁ የታችኛው ጥርስ በሙሉ የሌላቸው፣ ሙሉ ተነቃዩም እየተነሣ የሚያስቸግራቸው ከሆኑ ግን አንድ መላ አለ። በፊት ለፊት በኩል ሁለት ብሎኖች ብቻ ተተክለው ተነቃዩ ጥርስ እንደ ልብስ ቁልፍ በእነሱ ላይ ይቆለፋል። ሙሉ የታችኛው ረድፍ ለሌለው ሰው በትንሹ ወጪ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጦሳውን ወንድሜን ምክር በሙሉ እደግፈዋለሁ። ካርድ ሳይዝ የሚመጣ ታካሚ ሲገጥመኝ የማደርገው እሱ የጻፈውን ነው፤ ራጁን እያየሁ እገምታለሁ።

የሮቢት ልጅ፣ ጥቅምት 11

ሐኪም፣ በመምህርቷ ጥያቄ ውስጥ ጣልቃ መግባቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ነገሩ የሚመለከተኝ ስለሆነ ነው። 38 ዓመቴ ነው፣ በላይ በኩል አንድ መንጋጋ የለኝም። ጫት እቅማለሁ፣ ስቅምም ሲጋራ አጨሳለሁ። ኢምፕላንት ማስተከል እችላለሁን? ከተከልሁስ በኋላ የወይራ መፋቂያ ይበቃኛል ወይስ ሌላ ነገር ልግዛ?

የጥርስ ሐኪም፣ ደሴ፣ ጥቅምት 11

ወንድሜ፣ በግልጽ ስለጠየቅህ በግልጽ ልመልስልህ። ዋናው ጠላት ሲጋራው ነው። ኒኮቲን ወደ ድድና ወደ አጥንት የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል፤ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ኢምፕላንት የመክሸፍ ዕድሉ ከማያጨሱት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ጥቂት ሳምንታት፣ በኋላም አጥንቱ እስኪዋሐድ ሳታጨስ መቆየት ካልቻልህ ገንዘብህን ባታባክን ይሻላል። ጫቱ ደግሞ አፍን ያደርቃል፤ በጉንጭህ የምታስቀምጠው ጉብ ለሰዓታት በአንድ ቦታ ድድ ላይ ይተኛል፣ ከሱ ጋር የሚጠጣው ጣፋጭ ነገርም አለ። ቢያንስ ብሎኑ በተተከለበት በኩል እንዳታስቀምጠው፤ ስፌቱ ሳይወጣ ደግሞ ጨርሶ እንዳትቅም። በላይኛው መንጋጋ ሌላም ነገር አለ፤ ከጥርሶቹ ሥሮች በላይ የአፍንጫ ጎን ባዶ ክፍል አለ፣ አጥንቱ አነስተኛ ከሆነ ይህ ክፍል ወደ ላይ ተገፍቶ አጥንት መሞላት ያስፈልገው ይሆናል።

መፋቂያን በተመለከተ፣ በአግባቡ ከተጠቀሙበት ጥርስን በደንብ ያጸዳል፣ ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ። ነገር ግን በሁለት ጥርሶች መካከል አይገባም፤ ኢምፕላንት የሚታመመው ደግሞ በዚያው በመካከልና በድዱ ጠርዝ ነው። ብሎን አይበሰብስም፣ ስለዚህ ብዙዎች መታጠብ እንደሌለበት ያስባሉ። በዙሪያው ያለው ድድ ግን ይቆጣል፤ ቁጣው ከቀጠለ አጥንቱን እየበላ ይወርዳል፣ የተፈጥሮ ጥርስን አጥብቆ የሚይዘው ጅማት በብሎኑ ዙሪያ ስለሌለ ሕመምም ብዙ አይሰማህም። ስለዚህ በጥርስ መካከል የሚገባውን ትንሽ ብሩሽ ግዛ፣ በቀን አንድ ጊዜ ተጠቀምበት፣ በየስድስት ወሩም ድድህን አሳይ።

መምህርቷ ከኮምቦልቻ፣ ጥር 21

ምክራችሁን ይዤ ጠፋሁ እንጂ አልረሳኋችሁም። ሐኪሙ እንዳሉት መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ስኳር ክትትሌ ነው። መድኃኒቴ ተስተካከለልኝ፣ ሻዬንም ያለ ስኳር መጠጣት ተለማመድሁ፤ ባለፈው ሳምንት የተለካው 7.1 ሆኗል።

በገና በዓል አዲስ አበባ ወንድሜ ዘንድ ስሄድ ባለ ሦስት አቅጣጫውን ምስል ተነሣሁ። ሐኪሟ በኮምፒዩተሩ ላይ አጥንቴን እንደ ዳቦ ቁራጭ እየከፋፈለች አሳየችኝ፤ ነርቩ እንደ ቀጭን ቱቦ ሆኖ ይታያል። የአጥንቱ ወርድ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ከድዴ ሥር እስከ ነርቩ ድረስ 13 ሚሊ ሜትር አለ፤ ስለዚህ አጥንት መሙላት ሳያስፈልግ 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ብሎን ይገባል አለችኝ። የላይኛው ጥርስ የወረደው 1.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ክራውኑ በሚሠራበት ጊዜ ጫፉ በጥቂቱ ይስተካከላል። ትልቅ ሙሌት ያለበትን የኋለኛ ጥርስ ደግሞ ነርቩን ፈትሻ በሕይወት አለ ብላለች፤ ለብቻው እንዲቆይ ተስማምተናል። እሱ ቢበላሽም ባይበላሽም አዲሱ ጥርስ በራሱ ይቆማል።

ስለዚህ ኢምፕላንት መርጫለሁ፤ በብሎን የሚታሰር ክራውንና ካርድ እንደሚሰጡኝም በጽሑፍ ተቀብያለሁ። ካርድ ስጠይቅ ሐኪሟ ፈገግ ብላ «ማን አስተማረሽ?» አለችኝ፤ ከጦሳ ሥር ያለው ወንድሜ መሆኑን ነገርኋት። ጉዞውም እንደፈራሁት አልሆነም። ተከላው በየካቲት፣ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ይደረጋል፤ ከ3 ወር በኋላ ሄጄ ልክ እወሰዳለሁ፣ ክራውኑም በዚያው ጉዞ፣ ወንድሜ ቤት ሳምንት ቆይቼ ይገጠምልኛል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ስፌቱን ለማስወጣት ብቻ ብዬ ተመልሼ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝን? ከተከላውስ በኋላ በስንተኛው ቀን አውቶቡስ መሳፈር እችላለሁ?

የጥርስ ሐኪም፣ ደሴ፣ ጥር 22

እንኳን ደስ አለዎት፤ በተለይ ስለ 7.1ዱ። ስፌቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ይህን ማንኛውም የጥርስ ሐኪም ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሊያደርገው ይችላል። በራሱ የሚሟሟ ክር ከተጠቀሙ ደግሞ ጭራሹን መምጣት አያስፈልግዎትም፤ ነገር ግን ድዱን አንድ ጊዜ ባየው እመርጣለሁ።

በማግስቱ አይሳፈሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ወንድምዎ ቤት ያሳልፉ፤ እብጠቱ ከፍ የሚለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፣ ደም ቢፈስስዎት ደግሞ መንገድ ላይ ከመሆን ከሐኪሟ አጠገብ መሆን ይሻላል። ከውጭ በኩል ጉንጭዎ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ያድርጉ፣ ትኩስ ሾርባና ሻይ ለአንድ ቀን ይቆዩዎት፣ በዚያ በኩል ለሳምንታት ምንም ጠንካራ ነገር አይቆርጥሙ። ምግብ ለስለስ ስላለና ስለቀነሰ ስኳርዎ ዝቅ እንዳይልብዎት በእነዚያ ቀናት ጠዋትና ማታ ይለኩት፤ ሜትፎርሚኑን ስለመቀነስም ሆነ ስለመቀጠል የክትትል ሐኪምዎን አስቀድመው ይጠይቁ። ስፌቱን ለማስወጣት እኔ ዘንድ የሚመጡ ከሆነ ካርዱን ይዘው ይምጡ፤ የብሎኑን ዓይነትና የመፍቻውን ቁጥር በእኔም መዝገብ ላይ እጽፈዋለሁ።